የናሳ ጥሬ የማርስ ምስሎች ገጽ፦ «የነብር ነጠብጣብ» ያለበትን ድንጋይ በራስ ዓይን ለማየት

ማርስ ላይ ሕይወት ነበር ወይ የሚለው ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚዘዋወሩት ፎቶዎች አብዛኞቹ የተቆረጡ፣ ቀለማቸው የተጋነነና ምንጫቸው የጠፋ ናቸው። ዋናውን ግን ማንም ሳይመዘገብና ሳይከፍል ማየት ይችላል። ፐርሲቪራንስ የተባለችው የማርስ ሮቨር (ባለ ጎማ ሮቦት) ያነሣቻቸው ፎቶዎች ምድር ከደረሱ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ በናሳ የጥሬ ምስሎች ገጽ ላይ ይለቀቃሉ። ገጹ በይዘት ለጋስ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ለአዲስ ሰው አይመችም።

መጀመሪያ የሚያደናግረው ቀኑ ነው። ምስሎቹ የተደረደሩት በሶል፣ ማለትም በማርስ ቀን ሲሆን አንዱ ሶል ከእኛ ቀን በ39 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይረዝማል። ሮቨሯ ጄዜሮ ጉድጓድ ውስጥ ካረፈችበት ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ጀምሮ ያሉትን ቀናት ቆጥሮ ለ1.0275 ማካፈልና ከነጥብ በኋላ ያለውን መተው ነው። ለምሳሌ ጁላይ 18 ቀን 2024፦ 1246 ቀን ለ1.0275 ሲካፈል ሶል 1212 ይመጣል። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ነጠብጣቡ ያለበት፣ ቼያቫ ፎልስ የተባለው ድንጋይ በቅርበት የተነሣው ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ካሜራ መምረጥ ነው። ለድንጋይ ገጽታ የሚጠቅመው በሮቦቱ ክንድ ጫፍ ላይ ያለው ዋትሰን ነው፤ የፋይሎቹ ስም «ኤስ» እና «አይ» በሚሉት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። «ዜድ ኤል» እና «ዜድ አር» የሚሉት ደግሞ ማስትካም-ዚ የተባለው ካሜራ ግራና ቀኝ ዓይን ናቸው፤ አካባቢውን በሰፊው ለማየት ይሆናሉ። ከዚያ የሚከተሉት አራት አሃዞች ሶሉ ናቸው። በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው ተምኔሉን (ትንሹን ቅጂ) አይቶ የሚፈልገውን ብቻ በሙሉ መጠን ይክፈት።

የዋትሰንን ፎቶ አስፍተው ሲያዩት ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ፣ ዳርና ዳሩን የሚያቋርጡት ነጫጭ የካልሲየም ሰልፌት ጅማቶች፣ በመሃላቸው ደግሞ በሚሊ ሜትር የሚለኩ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዱን ነጠብጣብ ጥቁር ከንፈር ከቦታል። ሳይንቲስቶቹ «የነብር ነጠብጣብ» ያሉት ይህን ነው፤ ስሙ ተስማምቶታል።

እዚህ ላይ የፒክስል (የምስል ነጥብ) ሒሳብ ያስፈልጋል። ዋትሰን በጣም ሲቀርብ አንዱ ፒክስል 13 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ይሸፍናል። ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በአንድ ፒክስል ጎን ላይ በርከት ያሉ ሴሎች በሰልፍ ይገባሉ። በእነዚህ ፎቶዎች ላይ «ረቂቅ ተሕዋስ አየሁ» የሚል ካለ አላየም።

ትልቁ ጉድለት መለኪያ አለመኖሩ ነው፤ ፎቶው ላይ የርዝመት ምልክት የለም። መፍትሔ ግን አለ። ሮቨሯ የድንጋዩን ገጽ ፍቃ የምትተወው ክብ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ክቡ ከዳር እስከ ዳር 1000 ፒክስል ከሆነ አንዱ ፒክስል 0.05 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህን ፍጹም ክብ «የሰው ሠራሽ ነገር ማስረጃ» ብለው የሚለጥፉ አሉ፤ ሰው ሠራሽነቱስ እውነት ነው።

ሌሎች የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። በተከታታይ ፎቶዎች ላይ ቦታውን የማይለቅ ነጥብ ከድንጋዩ ሳይሆን ከካሜራው ነው። ሲጎላ የሚታዩት ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የፋይል መጭመቅ ውጤት ናቸው። ጥሬው ቀለምም አልተስተካከለም፤ የአየሩ ብናኝ ብርሃኑን ይለውጠዋል። ፎቶ ማረሚያ ላይ «አውቶ» ከተጫነ ጥላው አረንጓዴ መሳይ ሊሆን ይችላል፤ አልጌ ግን አይደለም።

ገጹ ጨርሶ የማይሰጠው ኬሚስትሪውን ነው። ክርክሩ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ፒክስል የተባለው የኤክስሬይ መሣሪያ (ስሙ ከምስል ነጥቡ ጋር መገጣጠሙ ያሳዝናል) በነጠብጣቦቹ ከንፈር ላይ ብረትና ፎስፌት አገኘ፤ ሸርሎክ የተባለው ሌላው መሣሪያ ደግሞ በድንጋዩ ላይ ኦርጋኒክ ካርቦን። ሴፕቴምበር 2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ማዕድኖቹ ቪቪያናይት (የብረት ፎስፌት) እና ግሪጋይት (የብረት ሰልፋይድ) ሳይሆኑ አይቀሩም ይላል። በምድር እነዚህ ብዙ ጊዜ ኦርጋኒክ ነገር የሚበሉ ተሕዋስያን ባሉበት ጭቃ ውስጥ ይፈጠራሉ፤ ያለ ሕይወትም ግን ሊፈጠሩ ይችላሉ። አንዱ መንገድ ከፍተኛ ሙቀት ነው፤ ድንጋዩ ላይ ግን የመጋል ምልክት አልታየም። ናሳ ራሱ «ሊሆን የሚችል የሕይወት አሻራ» ከማለት አላለፈም። የመሣሪያዎቹን ንባብ የሚፈልግ ወራት ቆይቶ ወደሚለቀቀው የፕላኔታዊ መረጃ ማህደር መሄድ አለበት፤ እሱም ነፃ ነው፣ አገባቡ ግን ከዚህኛው ይከብዳል።

ለቅርጽና ለገጽታ ከአምስት አራት፣ «ሕይወት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ከአምስት ሁለት። ምስሉን መልሶ የሚለጥፍ ሰው ሙሉውን የፋይል ስም አብሮ ይጻፍ፤ ካሜራውም ሶሉም እዚያው ውስጥ ስላለ አንባቢ ዋናውን ፈልጎ ማመሳከር ይችላል።