የአባዬ ካኖን፣ 16 ቀንና አንድ የሎተሪ ቲኬት

መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ፣ ከዚያ ወደ ደጉ እንመጣለን።

አያት አካባቢ አንድ የሞባይልና የካሜራ ጥገና ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። የአባቴን ካሜራ 16 ቀን አስቀምጦ፣ የ3,000 ብር ቀብዴን በልቶ፣ የባትሪ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት መለሰልኝ። ያንኑ ካሜራ የካ አባዶ ታክሲ መያዣው አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው የሚሠሩ አንድ ሰዓት ሠሪ በግማሽ ሰዓት ነፍስ ዘሩበት። የተጠቀሙት ግማሽ ሎሚ፣ የክብሪት እንጨት፣ አራት የሰዓት ባትሪና አንድ የሎተሪ ቲኬት ነው። አልቀለድኩም።

የመጣሁት ከቶሮንቶ ነው። ለአራት ሳምንት፣ ለታናሽ እህቴ ሠርግ። እማዬ የፒያሳው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ናት። ግማሹ ዕቃዋ እስካሁን ከካርቶን አልወጣም። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ አንድ የቆዳ ቦርሳ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። "የአባትሽን ነገር ውሰጂልኝ፣ ቦታ ይዞብኛል" አለች። ቦታ አልያዘባትም። እንድወስደው ፈልጋ ነው።

ካኖን ኤኢ-1 ነው። በፈረንጅ 1976፣ በእኛ 1968 የወጣ። በጊዜው ጉድ ያሰኘ ነበር፤ ማይክሮፕሮሰሰር የገባለት የመጀመሪያው ኤስኤልአር (በሌንሱ የሚገባውን በመስታወት የሚያሳይ ካሜራ) እሱ ነው። አባዬ በፊልም አይቀልድም ነበር። ባለ 36ቱ አንድ ጥቅል ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን ይችላል። "ዝም በሉ፣ አትንቀሳቀሱ" ብሎ ያስቆመንና ሐሳቡን ቀይሮ ሳያነሳን ይቀራል። ፒያሳ ፊልም ሊያሳጥብ ሲሄድ እኔን ያስከትላል። ያ ሁሉ ትዝ እያለኝ ከቶሮንቶ ያመጣሁትን ኮዳክ አጎረስኩት። መጠቅለያ ክንዱን ሳብኩ። አንዴ ዞረ። ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም። ክንዱን ደግሜ ብስበው ንቅንቅ አልል አለ።

እዚህ ላይ የራሴም ጥፋት አለ። ቶሮንቶ የምጠቀመው ፔንታክስ ኬ1000 ነው። እሱ ባትሪው ብርሃን ለመለካት ብቻ ነው፤ ባትሪ ባይኖረውም ያነሳል። ኤኢ-1 ግን መዝጊያውን፣ ማለትም ከፊልሙ ፊት ያለውን መጋረጃ፣ የሚለቀው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ከሞተ አንዴ ትስቡትና እዚያው ቀጥ ይላል። መዝጊያው ተወጥሮ ስለሚቀር ክንዱም አይንቀሳቀስም። ለማያውቅ ሰው ማርሽ የተነከሰ ይመስላል። እኔ አላወቅኩም። ጠጋኝ ነኝ ያለው ግን ማወቅ ነበረበት። ወይ አላውቅም ማለት።

ማክሰኞ ወሰድኩለት። ልጁ ገና ሲያየው "ኦ! አንቲካ!" አለ። ክንዱን ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ይሄማ ማርሹ ነክሷል። ሐሙስ ነይ" አለኝ። ሐሙስ ሄድኩ፣ ዝግ ነው። ዓርብ ሄድኩ፣ መብራት የለም። ቅዳሜ ስሄድ በሽታው ተቀይሮ ጠበቀኝ። "ማርሹ አይደለም፣ ካርዱ ነው የተቃጠለው። ዱባይ የሚመላለስ ልጅ አለ፣ ያመጣልናል።" ስንት? 9,500 ብር። ዝም ብዬ ስቆም ጊዜ "ለአንቺ እኮ በዶላር ስታስቢው ምንም ማለት አይደለም" አለኝ።

ይቺ አባባል ካሜራው ከመበላሸቱ በላይ አንገበገበችኝ። እኔ ዶላር ከዛፍ አልለቅምም። ሌሊት እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ነው። ግን የሠርጉ ቀን ደርሷል፣ ሰው ሲቸኩል ደግሞ ዓይኑ አያይም። 3,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁለት። ደረሰኝ ስለው "ስልክሽ ላይ ገብቶልሽ የለ?" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሞኝ!

ቶሮንቶ ካሜራ ስትሰጡ ወረቀት ይሰጧችኋል። ምን እንደታመመ፣ ስንት እንደሚፈጅ፣ መቼ እንደሚያልቅ ተጽፎበታል። እውነቱን ለመናገር እዚያም ወር ይፈጃል፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። ግን ቁርጡን ታውቃላችሁ። እዚህ የጨረሰኝ መዘግየቱ አይደለም፤ "ነገ" መባሉ ነው። ሁልጊዜ ነገ ነው። አንድ ሳምንት ይፈጃል ቢለኝ የእማዬን ካርቶኖች ፈትቼ በጨረስኩ ነበር።

ዕቃው ሲጠበቅ ፊልም የሚያጥብ ልፈልግ ብዬ መገናኛ ወረድኩ። ሦስት ፎቶ ቤት ጠየቅሁ። አንደኛዋ ልጅ በትህትና "ፍላሹን ስጪኝ" አለችኝ። ፍላሽ ዲስክ ማለቷ ነው። ጥቅሉን ሳሳያት እንደ ሽቶ ጠርሙስ አገላብጣ አየችው። አልፈርድባትም። የቀለም ፊልም መታጠቢያው መድኃኒት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ፊልም በብዛት ካልመጣ ማሽኑን ማቆየት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ያነሳሁትን ይዤ እመለሳለሁ። እናንተም ከመጣችሁ በዚሁ አስቡት። ፊልሙን የሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት፣ በእጅ ያዙት፤ አዳዲሶቹ የአየር ማረፊያ ሲቲ (የኤክስሬይ) መፈተሻ ማሽኖች ፊልም ያበላሻሉና በእጅ እንዲፈተሽላችሁ ለምኑ።

ወደ ልጁ ልመለስ። የሠርጉ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ በቀጥታ ወደ እሱ። "ዕቃው ጉምሩክ ነው።" እሁድ እህቴ ተሞሸረች። አባዬ የለም፣ ካሜራውም የለም። ሁሉም ሰው በስልኩ አነሳ፣ ቪዲዮ የሚቀርጹት ልጆችም በላያችን ድሮን አበረሩ። ፎቶ አልጠፋም እኮ። ግን እማዬ ስትመርቅ እጄ ባዶ ነበር።

ረቡዕ ስልኩ ዝግ። ሐሙስ፣ በ16ኛው ቀን፣ ሄጄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። "ካሜራዬን ሳልይዝ አልነሣም" አልኩ። ደንበኞች እየገቡ ሲያዩኝ ጊዜ ልጁ ጨነቀው መሰለኝ፣ ከመደርደሪያው ሥር በጥቁር ፌስታል አወጣው። ለመክፈቻ ተጨማሪ 1,500 ብር ጠየቀኝ። አልከፈልኩም። ቀብዴንም አልመለሰም። የታችኛው ሽፋን አንድ ብሎን ጎድሎታል፣ የቀሩት ራሳቸው ተፋፍቋል። ምን ሲያደርግ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ከታክሲ ስወርድ እንባዬ መጥቷል። ሰዓት ሠሪው አባት ያዩኝ ያኔ ነው። እማዬን ያውቋታል፣ የግድግዳ ሰዓቷን የሠሩላት እሳቸው ናቸው። "ምነው የኔ ልጅ፣ ምን ሆንሽ?" አሉ። ፌስታሉን ሰጠኋቸው። "እኔ ካሜራ አልሠራም፤ ልየው ግን" አሉና የዓይን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ያችን የሰዓት ሠሪ ማጉያ ዓይናቸው ላይ ሰኩ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር፦ "ባትሪው የት ነው የሚገባው?"

16 ቀን ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ።

ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ክዳን በቀጭን መፍቻ ቀስ ብለው ከፈቱ። "ይቺ ክዳን ቶሎ ነው የምትሰበረው፣ አትታገያት" አሉኝ። ውስጡ አሮጌ ባትሪ አለ፣ ፈስሶ ደርቋል። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት መገናኛዎቹን ሸፍኗቸዋል። ከጎናቸው ሻይ የምትሸጠውን ልጅ ሎሚ ለመኑ። የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቀለሉ፣ ሎሚ አስነኩት፣ ጠብታ እንዳይገባ ካሜራውን ዘቅዝቀው አሹ። ዱቄቱ ትንሽ አረፋ አውጥቶ ለቀቀ። የፈሰሰው አልካላይን ስለሆነ አሲድ ያነሳዋል። በደረቅ ጥጥ አደረቁት፣ መገናኛውን በእርሳስ ላጲስ ወለወሉት። ብረቱ በራ።

አሁን ባትሪው። ካሜራው የሚፈልገው 6 ቮልት፣ 4ኤልአር44 የሚባለውን ነው። እሳቸው ጋ የለም። ኤልአር44 የሚባለው የሰዓትና የካልኩሌተር ክብ ባትሪ ግን ሞልቷል። እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ነው፣ አራት ሲደራረብ 6 ይሆናል። ችግሩ አራቱ ተደራርበውም ከዋናው ይቀጥናሉ፣ ሦስት ሚሊሜትር ያህልም ያጥራሉ። አባባ ከኪሳቸው ያለቀበት የሎተሪ ቲኬት አወጡ። ባትሪዎቹን እንደ ሲጋራ ጠቀለሉበት፣ ውፍረቱ ልክ መጣ። ለጎደለው ቁመት የማስቲካ ብር ወረቀት አጣጥፈው ጠቅጥቀው ጫፉ ላይ አደረጉ። ፕላስና ማይነሱን አይተው ከተቱ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ቸክ! ካሜራው ሳይሆን እኔ ነኝ የጮህኩት።

ካሜራውም ጮኸ በእርግጥ። ከቸኩ ጋር ሲጥ የሚል ድምፅ አለው። የኤኢ-1 ባለቤቶች የሚያውቁት የታወቀ በሽታ ነው፤ መስታወቱን የሚያነሣው ማርሽ ቅባቱ ሲደርቅ ያመጣዋል። አንዲት ጠብታ ዘይት ትበቃዋለች፣ ግን ቦታዋን ማወቅ ያስፈልጋል። አባባን ስጠይቃቸው እጃቸውን አነሡ። "ዘይቱ ከሌላ ቦታ ቢደርስ መጋረጃውን አበላሽብሻለሁ። ይሄን የሚያውቅ ሰው ይንካው።" ይሄን ንግግር ሰምቼ ያን አያት አካባቢ ያለውን ጠጋኝ ልጅ አሰብኩት።

ሒሳብ? የአራት ባትሪ 240 ብር። ለድካምዎ ስላቸው "የፈቀድሽውን" አሉ። 500 ጨመርኩ፣ 200ውን መለሱልኝ። ተሟገትን። በመጨረሻ ለሻይ ሻጯም ለሎሚው ተከፈለ።

ኤኢ-1 ይዛችሁ የምትመጡ ሰዎች፣ ካሜራው አላነሳም ካላችሁ ወደ ጥገና ከመሮጣችሁ በፊት ባትሪውን ፈትሹ። አናቱ ላይ የባትሪ መፈተሻ ቁልፍ አለች። እሷን ተጭናችሁ በዓይን ማያው ስታዩ መርፌዋ 5.6 ከሚለው ቁጥር በታች ከወረደች ባትሪው ደህና ነው። ካልወረደች ባትሪ ቀይሩ። ጥገና ቤት መግባት ግድ ከሆነም ፊታችሁ ይክፈቱት፣ ሳይከፍቱ ቀብድ አትስጡ። የኋላ ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ስፖንጅም እዩት፣ ሲያረጅ እንደ ሬንጅ ይጣበቅና ብርሃን ያስገባል። የአባዬ አንድ ጎኑ አልቋል። ቅልቅሉን ያነሳሁት በጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን ለጥፌ ነው።

አዎ፣ ለቅልቅሉ ደረሰ። 36ቱንም ጨረስኩ። እማዬን ሰገነት ላይ ሳነሳት እንደ ድሮው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ዋጠች። ሲጥ ሲል ስትሰማ ሳቀች፣ "ያኔም እንዲህ ይል ነበር" አለች።

ማታ ባትሪው የተጠቀለለበትን ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። መነጽሯን ፈልጋ መጣች።

"ዕጣው መውጣቱን አረጋግጠዋል?" አለችኝ። "ክፈቺውና ቁጥሩን አንብቢልኝ።"