ለእንጨት እስክሪብቶ የሚሆን ድሪል ማሽን፦ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የሚለካው

ከወይራ ወይም ከዋንዛ ቁርጥራጭ እስክሪብቶ ለሚሠራ ሰው የሚመቸው ድሪል ማሽን ብረት ለሚበሳ ሰው ከሚመቸው ይለያል። በመርካቶ የመሣሪያ ሱቆች ሻጩ በቅድሚያ የሚያነሣው የሞተሩን የፈረስ ጉልበትና ማሽኑ ሊይዝ የሚችለውን የፑንታ (የመብሻ ብረት) ውፍረት ነው። እስክሪብቶ ሠሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ7 ሚሊሜትር ፑንታ በመሆኑ 250 ዋት የሆነ ሞተር እንኳ አያንሰውም። ለገጣፎ በሚገኘው ሥራ ቤታችን ሁለት ማሽኖችን ጎን ለጎን ስለምንጠቀም ግምገማዬ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛው እስከ 13 ሚሊሜትር የሚይዝ ባለ አምስት ፍጥነት ትንሽ የጠረጴዛ ማሽን ሲሆን፣ ሁለተኛው እስከ 16 ሚሊሜትር የሚይዝ፣ ባለ አሥራ ሁለት ፍጥነትና ከበድ ያለ ነው። የንግድ ስማቸውን አልጠቅስም፤ አንዱ ማሽን ቀለሙ ብቻ ተለውጦ በበርካታ ስሞች ስለሚሸጥ ስሙ ለገዢው የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ እጀታው ሲዞር ፑንታውን የያዘው ዘንግ ምን ያህል ወደ ታች ይወርዳል የሚለው ነው። በብዛት በሚሠራው ቀጭን እስክሪብቶ ውስጥ የሚገቡት ሁለት የነሐስ ቱቦዎች እያንዳንዳቸው 53 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ እንጨቱም ጫፉ ሲስተካከል የሚወገድ ትርፍ ስለሚያስፈልገው ከ55 እስከ 57 ሚሊሜትር ተደርጎ ይቆረጣል። ትንሹ ማሽን የሚወርደው 50 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቀዳዳው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እጀታው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ፑንታውን ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ትቶ እንጨቱ የሚቀመጥበትን የማሽኑን ጠረጴዛ ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል። ጠረጴዛው የታሰረው በክብ ምሰሶ ላይ ስለሆነ ሲላላ ወደ ጎን መዞር ይወዳል፤ ትንሽ ከዞረም ቀሪው ቀዳዳ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። አንድ እስክሪብቶ ብቻ ለሚሠራ ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው እንጂ አያስቸግርም፤ ለምረቃ ስጦታ በርከት ያለ ትእዛዝ ለተቀበለ ሰው ግን ቀኑን የሚበላ ድካም ነው። ትልቁ ማሽን 80 ሚሊሜትር ስለሚወርድ ሥራውን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። በእኔ ግምት በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የዘንጉ መዋለል ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚፈራው ሌላ፣ እንጨቱን የሚጎዳው ሌላ ነው። በተለምዶ 19 ሚሊሜትር ካሬ በሆነ እንጨት ላይ ቀዳዳው ከመሃል አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢያፈነግጥ እስክሪብቶው አይበላሽም፤ እንጨቱ ቶርኖ (እንጨት እያዞረ የሚያስልግ ማሽን) ላይ ሲላግ የሚዞረው በቱቦው ዙሪያ በመሆኑ ስሕተቱ ከሚላገው እንጨት ጋር ይወገዳል። ጉዳት የሚመጣው ፑንታው እየዋለለ ቀዳዳውን ሲያሰፋው ነው። ተልጎ ሲያልቅ በቱቦው ላይ የሚቀረው እንጨት ጫፉ ላይ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ውፍረት ስለሚኖረው፣ ቱቦው ልል በሆነ ቀዳዳ ውስጥ በማጣበቂያ ብቻ ተንጠልጥሎ ከቀረ እንጨቱ በመላግ ላይ እያለ ይሰነጠቃል፤ አለዚያም እስክሪብቶው ሲገጣጠም ይፈነዳል።

ይህንን ሱቅ ውስጥ ሆኖ ማረጋገጥ ይቻላል። ዘንጉን እስከ መጨረሻው አውርዶ የፑንታ መያዣውን በእጅ ወደ ጎን መግፋት በቂ ምልክት ይሰጣል፤ እጅ ላይ ልል ሆኖ የሚሰማ ከሆነ እንጨት ላይ የባሰ ይሆናል። ጠረጴዛው ለዘንጉ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማየት ደግሞ በዘጠና ዲግሪ የታጠፈ ወፍራም ሽቦ መያዣው ላይ አስሮ፣ ጫፉ ጠረጴዛውን እስኪነካ አውርዶ በእጅ ማዞር ነው፤ በአንድ በኩል እየነካ በሌላው በኩል ክፍተት ካሳየ ጠረጴዛው ዘሟል ማለት ነው። በትንሹ ማሽን ላይ ይህንን ካስተካከልን በኋላም እጀታውን ጠንከር አድርገን ስንጫን ጠረጴዛው ጎንበስ ሲል ይታያል። የትልቁ ወፍራም ጠረጴዛ ግን በዚያ ጫና ንቅንቅ አይልም። ሻጩ ሽቦ አውጥቶ የሚለካ ገዢ ሲያይ ፊቱን ቢያጠቁር አይገርምም፤ ሸቀጡን የሚያምን ሻጭ ግን ይፈቅዳል።

የፍጥነት ብዛትን በተመለከተ አምስቱም ይበቃሉ። ዋንዛ ገር እንጨት ስለሆነ ፈጠን ባለ ዙር ያለ ችግር ይበሳል፤ ወይራ ግን ጥቅጥቅና ቅባት ያለው በመሆኑ በደቂቃ ከ1000 ዙር በታች ቢሠራና ፑንታው በየጊዜው ወደ ላይ እየወጣ ፍቅፋቂውን ቢያራግፍ ይሻላል። ፍቅፋቂው ፑንታው ላይ ሲታጨቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የሞቀ ወይራም ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰነጠቃል። ባለ አሥራ ሁለቱ ማሽን ቺንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) በሦስት ፑሌጃዎች (ቀበቶው በሚዞርባቸው ጎማዎች) ላይ እያዘዋወሩ ፍጥነት መምረጥን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዴ ካስተካከልነው በኋላ የምንነካው እምብዛም ነው።

ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ኤሌክትሪኩም የምርጫው አካል ነው። ጎረቤት ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ኃይሉ ይወርዳል፤ የእነዚህ ማሽኖች ሞተር የማዞር አቅም ደግሞ ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የአቅሙ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጠፋል። ትንሹ ማሽን በዚህ ሰዓት እየጮኸ ለመነሣት ሲያቅተው፣ ትልቁ 550 ዋት በመሆኑ እየተጎተተም ቢሆን ይነሣል። የሞተሩ ጉልበት ለእስክሪብቶ ሥራ ጠቅሞ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። ከውጭ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰውም የሞተሩን ሰሌዳ ሳያነብ ገንዘብ ባይከፍል መልካም ነው፤ 110 ቮልት የተጻፈበት ያለ ትራንስፎርመር አይሠራም፣ ለ60 ሄርትዝ የተሠራውም በእኛ 50 ሄርትዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ከሚገባው በላይ ይሞቃል።

ሁለቱም ማሽኖች ለእስክሪብቶ እንጨት የሚሆን ሞርሳ (በመንጋጋ ጨብጦ የሚይዝ ማሰሪያ) ይዘው አይመጡም። እንጨቱን በእጅ ይዞ መብሳት ፈጽሞ መታሰብ የለበትም፤ ፑንታው ሲይዘው እንጨቱ ከጣት ጋር ይዞራል። ሁለቱ መንጋጋዎቹ እኩል እየተጠጉ እንጨቱን መሃል ላይ የሚይዙ ሞርሳዎች አሉ፤ እርሱ ካልተገኘም ተራ ሞርሳ ላይ ጎድጎድ ያለ የእንጨት መንጋጋ አበጅቶ፣ ከሥሩ ቁራጭ ጣውላ ደግፎ መሥራት ይቻላል። ጣውላው ፑንታው ሲወጣ የእንጨቱ ጫፍ እንዳይቦጨቅ ይከላከላል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተደረገው የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ የምጽፈው የብር መጠን ለአንባቢ አይጠቅምም። የዋጋው ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። አቅሙ ያለው ትልቁን ይግዛ፤ የሌለው ደግሞ ከአዲሱ ትንሽ ማሽን ይልቅ ያገለገለ ትልቅ ማሽን ቢፈልግ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ያረጀ ቺንጋም ሆነ ኩሽኔታ መርካቶ ውስጥ ተፈልጎ ይለወጣል፤ 50 ሚሊሜትር የሚወርድን ዘንግ ግን 80 የሚያደርገው መለዋወጫ የለም። መንጋጋ ያለው መያዣ የተገጠመለት የእንጨት ቶርኖ ያለው ሰው ደግሞ እንጨቱን እዚያው እያዞረ ከኋላ በኩል በሚገፋ ፑንታ መብሳት ስለሚችል፣ ትእዛዙ እስኪበዛ ድረስ ሁለቱንም ማሽኖች ሳይገዛ ሊቆይ ይችላል።