የአባቴን ቮልስ ላዳኑልኝ መካኒክ፦ እጅዎ ይባረክ

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የምትነዱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። አንድ አዛውንት መካኒክን በአደባባይ ላመሰግን ነው።

አባቴ የተወልኝ ቮልስ በፈረንጆቹ የ1970 ሞዴል ነው፤ ባለ 1300 ሞተር። ዳገት ላይ ይግል ነበር። እንጦጦን መውጣት ሲጀምር ውስጡ በዘይት ሽታ ይሞላል። ያየው ሁሉ "ሞተሩ አልቋል፣ ሌላ ፈልግ" ይለኛል። አንድ ጋራዥማ ለሞተር ቅያሪ ቀብድ አምጣ ብሎኝ ነበር።

ጋሼ ግን ምንም ሳይፈቱ ኋላውን ከፍተው ትንሽ አዩና "ላሜራዎቹ የት ሄዱ?" አሉኝ። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሞተሩን የከበበው ላሜራና በዙሪያው ያለው ጎማ የታችኛውን ትኩስ አየር ከላይኛው ይለያል። እነሱ ከሌሉ ማራገቢያው የጋለውን አየር መልሶ ይስበዋል። የሆነ ሰው ድሮ ፈትቶ ጥሏቸዋል። ሱማሌ ተራ ሄደው ከአሮጌ ሞተር የተፈታ አገኙልኝ፤ የጎደለውን ራሳቸው ቆርጠው ሠሩት።

ቫልቩን ለማስተካከል መኪናው እዚያው ይደር አሉ። ይህ ሥራ ሞተሩ በደንብ ሳይበርድ አይሠራም። ጠዋት ስደርስ ሥሩ ተኝተው ስሷን የብረት መለኪያ የቫልቩ ክፍተት ውስጥ እያንሸራተቱ ነበር። 0.15 ሚሊ ሜትር! እኔንም አስሞከሩኝ። ስትሳብ ያዝ ታደርጋለች፣ ግን አትጣበቅም። "ክፍተቱ ሰፍቶ ትንሽ ቢጮህ ግድ የለም፤ ከጠበበ ግን ቫልቩ ይቃጠላል" አሉኝ። ካንዴላዎቹም ጥቀርሻ ለብሰው ነበር። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካርቦራተሩን አጥበው ለዚሁ ከፍታ አስተካከሉት።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የወለሉ ነገር ነው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። የኔም ተበልቶ፣ ስቱኮ ተለጥፎበት፣ ከላይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ጋሼ ስቱኮውን ፈቅፍቀው አነሱት። የዛገውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆረጡ። ከመበየዳቸው በፊት ጠርተው አሳዩኝ፤ ስቱኮ ብቻ ቢደግሙበት ማን ያውቅባቸው ነበር? ዋጋውንም አስቀድመው ነገሩኝ፤ ሲያልቅ አንድ ብር አልጨመሩም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በካርቶን አስረከቡኝ።

የመጨረሻው ቮልስ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ኦሪጅናሉን የሚጥል እንጂ የሚያድን መካኒክ እንደልብ አይገኝም። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። መኪናው እንጦጦን ሳይግል ይወጣል።

ቀለም አይቀቡም፤ ለዚያ ሌላ ሰው ፈልጉ። የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሌላ መኪና ስለማይነኩ ወረፋ አለ፤ የሚያስቸኩል ሥራ ያለው አይሄድ። ስልካቸው እዚህ እንዲለጠፍ አልወደዱም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።