የሞተር ጥርስ አልፈታ ሲል፦ ረጅም እጀታ፣ በመዶሻ የሚመታ ወይስ የባትሪ ኢምፓክት?

ክረምቱን በቢቸና መረሬ ጭቃ ውስጥ ያሳለፈ ሞተር መስከረም ላይ ካቴናው ረዝሞ፣ ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ እንደ መንጠቆ ጎብጦ ይገኛል። ካቴናውን ብቻ ቀይሮ ያረጀውን ጥርስ መተው አያዋጣም። አሮጌው ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ የፊቱም የኋላውም ጥርስ መውጣት አለበት። የቆየ ሞተር ላይ ግን የፊቱ ጥርስ ዳዶ በቀላሉ እሺ አይልም።

እኔ የምነዳው አሮጌ ያማሃ ዲቲ ነው። አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ ጋራዥ ሰጥቼው ዳዶውን በመሮና በመዶሻ መቱት። ዳዶው ወጣ። ጥርሱ የተሰካበት ዘንግ ጥምዝ ግን አብሮ ተበላሸ። ያንን ዘንግ ለመቀየር ኢንጂኑ ለሁለት መከፈል አለበት። ገንዘቡም ጊዜውም እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ መፍቻ የምገዛው ራሴ ነኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እዩልኝ። ከዳዶው ስር ቀጭን ሮንዴላ አለች። ጠርዟ ወደ ዳዶው ጎን ታጥፋ ዳዶው እንዳይላላ ትይዘዋለች። ጭቃና ግራሶ ስለሚሸፍናት ብዙ ሰው አያያትም። ናፍጣ ነክሮ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲፈተግ ብቅ ትላለች። እጥፋቷ ካልተቃና የትኛውም መሣሪያ ዳዶውን ከማበላሸት ሌላ ፋይዳ የለውም።

አሁን ወደ ግዢው። እኔ ብር የማወጣው መጀመሪያ በረጅም እጀታና በጥሩ ቡሶላ (ዳዶው ላይ በሚገጠመው የመፍቻ ራስ) ላይ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 50 ኪሎ ክብደታችሁን በ30 ሳንቲሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ብታሳርፉ 150 ኒውተን ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። በ80 ሳንቲሜትር እጀታ ያው ክብደት 400 ገደማ ይሆናል። ጉልበታችሁ አልጨመረም፤ የጨመረው ርዝመቱ ነው። እጀታው ቡሶላ የሚሰካበት ጫፉ ግማሽ ኢንች ይሁን፤ ቀጭኑ ይጣመማል። ቡሶላው ደግሞ ውስጡ ባለ 6 ማዕዘን ይሁን። ባለ 12ቱ የሚይዘው የዳዶውን ጥግ ብቻ ስለሆነ የዛገ ዳዶ ላይ ይንሸራተትና ዳዶውን ያከበዋል። ረጅሙ እጀታ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ሞተሩ መንገድ ላይ ቢቆምባችሁም ከኮርቻ ጋር ታስሮ ይሄዳል።

ከመግፋታችሁ በፊት ካቴናውን አትፍቱት። ካቴናው እንዳለ አንድ ሰው የኋላውን ፍሬን ረግጦ ይያዝላችሁ። ጥርሱ የማይዞረው ያኔ ነው። ብዙዎቻችን ካቴናውን አውጥተን ስናበቃ ነው መያዣ የምንፈልገው።

በመዶሻ የሚመታው መፍቻ ሥራው ሌላ ነው። ለትልቁ ዳዶ አይሆንም። የጥርሱን መሸፈኛ ለያዙት የመስቀል ቡሎኖች ግን የሚያህለው የለም። የመዶሻውን ምት ወደ መዞር ይለውጠዋል፤ ምቱም ካቻቢቴውን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ከተለመደው በትንሹ ይለያል። በዚህ የተነሳ ተራ ካቻቢቴ ከውስጡ እየዘለለ አፉን ይቦረቡረዋል። ዋጋው ከሦስቱ ትንሹ ነው። የቆየ የጃፓን ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ቢኖረው ደስ ይለኛል።

የባትሪ ኢምፓክቱ፣ ማለትም እየመታ የሚያዞረው የባትሪ መፍቻ፣ ፈጣን ነው። በሴኮንዶች ይጨርሳል፤ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ባይኖርም ብዙ ጊዜ ይፈታል። ነገር ግን ውድ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ሌላ ወጪ ያመጣል። በወር ውስጥ በርካታ ሞተር የሚፈታ ባለሙያ ካልሆናችሁ አልመክርም። በዓመት አንዴ ለምትፈቱት ዳዶ፣ ሞተሩን ኮምፕሬሰርና በአየር የሚሠራ ኢምፓክት ወዳለው ጎሚስታ ወስዶ ትንሽ ከፍሎ ማስላላት ይሻላል። የራሳችሁን ቡሶላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለኢምፓክት የተሠራው ጥቁሩ ይሁን። የሚያብለጨልጨው በምት ሊሰነጠቅና ስባሪው ዓይን ሊመታ ይችላል።

እሳት የሚመርጡ አሉ። ከፊት ጥርሱ ጀርባ የዘይት ጎማ አለ፤ ከተቃጠለ ዘይቱ ይፈሳል። ቤንዚኑም ሩቅ አይደለም። ለፊቱ አልደፍርም። የኋላው ጥርስ ሲሆን ጎማው ከሞተሩ ወጥቶ መሬት ላይ ስለሚተኛ ነገሩ ይቀላል። ማታ ዝገት የሚያላላ ዘይት ወይም ናፍጣ ቀብቶ ማሳደር፣ ጠዋት በረጅሙ እጀታ መፍታት ለኔ እስካሁን በቅቶኛል።

ሱቅ ስትገቡ ቡሶላውን አንስታችሁ አፉን እዩ፤ ማዕዘኑን ቁጠሩ። ከተቻለ አዲሱን ዳዶ ይዛችሁ ሂዱና ክተቱት፤ ከተወላገደ ተዉት። አዲስ ሮንዴላም አብራችሁ ግዙ። አንዴ የታጠፈችው ዳግመኛ ስትታጠፍ ልትሰበር ትችላለች።