ጎልድስተርም፦ ለእንቁጣጣሽ የሚደርስልኝ ቢጫ አበባ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ከገዛን ጀምሮ አንድ ነገር ተመኝቻለሁ። መስከረም 1 ጠዋት ከራሴ ግቢ ቢጫ አበባ መቁረጥ። አደይ እዚህ የለም፤ ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ሁሉ ብላክ አይድ ሱዛን የሚለውን ቢጫ አበባ ልትከል አልኩ።

የመጀመሪያው ግዢዬ አናዶኛል። ከአንድ ችግኝ መሸጫ ስድስት ፍሬ ገዛሁ፣ ሻጩም በየዓመቱ ይመለሳል አለኝ። ያን ዓመት ግቢው በራ፤ በሁለተኛው ግን ብቅ ያለችው አንዷ ብቻ ናት። ለካ በዚህ ስም የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሩድቤኪያ ሂርታ ነው፣ ከ1918 ጀምሮ የሜሪላንድ መለያ አበባ የሆነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሌላው ሩድቤኪያ ፉልጊዳ ሲሆን ጎልድስተርም የሚባለው ምርጥ ዝርያው ነው። እሱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ስትገዙ ቅጠሉን በጣታችሁ ዳስሱት፦ የሂርታ ቅጠልም ግንድም በሻካራ ጸጉር የተሸፈነ ነው፣ የጎልድስተርም ጠቆር ያለ አረንጓዴና ለስለስ ያለ። ስሙንም መለያው ላይ ሳታዩ አትክፈሉ።

ከሌላ ቦታ ሦስት ጎልድስተርም ገዝቼ ኤፕሪል ላይ ተከልኩ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ፣ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር ትቼ። አፈራችን ሸክላማ ስለሆነ ብስባሽ ቀላቀልኩበት። የመጀመሪያውን በጋ ውሃ አልነፈግኩትም፣ ከዚያ በኋላ ራሱን ችሏል። በረዶ ሲመጣ ከላይ ያለው ሁሉ ደርቆ ይቀራል፤ ሞተ ብላችሁ እንዳትነቅሉት! ብርዱ ሲለቅ መሬት ላይ የተነጠፈ አረንጓዴ ቅጠል ታያላችሁ። ጁላይ ላይ ይፈነዳል፣ ሴፕቴምበርም አበባ አለው። የደረቀውን ራስ አትቁረጡት፣ ቢጫ ወፎች ዘሩን ሊለቅሙ ይመጣሉ፤ እኔ ቡናዬን ይዤ በመስኮት አያቸዋለሁ።

ችግሩ ሴፕቶሪያ የሚሉት የፈንገስ በሽታ ነው። ከታች ካሉት ቅጠሎች ይጀምርና ጥቁር ነጠብጣብ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል። አበባውን አይገድለውም ግን ያስጠላል። ውሃውን ከላይ መርጨት ትቼ ጠዋት ጠዋት ሥሩ ላይ ብቻ ሳፈስ፣ የታመመውንም ቅጠል እየለቀምኩ ስጥል በጣም ቀነሰልኝ። ደግሞ ይስፋፋል፣ ጠባብ ቦታ ላላችሁ አልመክርም።

አደይ ነው ወይ? አይደለም። የአደይ መሃሉም ቢጫ ነው፣ የዚህ ግን የተቆላ ቡና የመሰለ ጥቁር ጉብታ አለው። ቢሆንም አምና ቄጠማው ላይ ሳስቀምጠው እናቴ ዝም ብላ አንድ አበባ አንስታ አሸተተችው።

ዘንድሮ ኤፕሪል አንዱን ቆፍሬ ለአራት ከፈልኩት። ሦስቱን የዕድራችን ሴቶች ወስደዋል።