የእናቶች ማቆያው፦ ማድ ቤቱ ጥሩ፣ ውሃው ግን የለም

ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ልጇን የወለደችው ሰሜን ሸዋ ቆላው ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ቀኗ ሲቃረብ እዚያው ያለው እናቶች ማቆያ፣ ማለትም ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ የሚቆዩበት ቤት፣ ገባች፤ እኔም ከአዲስ አበባ ሄጄ አስታማሚ ሆኜ ሰነበትኩ። የጤና ጣቢያውን ስም ልተወው።

ለመንገድ ቅርብ የሆነ ሰው ማቆያ ላያስፈልገው ይችላል። እህቴ ሰፈር ግን አምቡላንስ የሚደርሰው እስከ ወንዙ ነው። ከዚያ ወዲያ ቃሬዛ ነው። ምጥ ደግሞ ሌሊት ይወዳል። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቀድመሽ ሂጂ እያለች የጎተጎተቻት ለዚህ ነው።

ክፍሉ ንጹህ ነው፤ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ አለው። እኔ የወደድኩት ግን ማድ ቤቱን ነው። ጤፉን፣ ሽሮውን፣ ቅቤውን፣ ማገዶውን የሚያዋጣው የአካባቢው ሰው ነው። ሴቶቹ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ቡና ያፈላሉ፤ አንዷ ስትገላገል ገንፎ ይገነፋል፣ እልል ይባላል። አዋላጇ ነርስ እየመጣች ግፊት ትለካለች፣ የፅንሱን የልብ ምት ታዳምጣለች። አንዷን ግፊቷ ከፍ ብሎ ስላገኘቻት ምጡ ሳይጀምራት ሪፈር ጽፋ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላከቻት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ኦፕራሲዮን የለማ! ቤቷ ብትሆን ግፊቷን ማን ይለካላት ነበር?

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጉራጌ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ማቆያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እህቴ የገባችበት ማቆያ ክፍያ የለውም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊዱም ነጻ ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው። ቧንቧው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ውሃ የምንቀዳው እኛ አስታማሚዎቹ ነን፣ በጀሪካን፣ ከምንጭ። ሽንት ቤቱ ራቅ ይላል፣ ማታ መብራት የለውም። እስቲ አሁን ይሄ ለነፍሰ ጡር ይሆናል? ከሁሉም የከፋው ግን ትልልቆቹን ልጆች ይዞ መግባት አለመቻሉ ነው። እህቴ ትልቁን ልጇን አማቷ ጋ ትታ ነው የመጣች፤ ሲነጋም ሲመሽም "በልቶ ይሆን?" ነው ወሬዋ። ብዙዎቹ ሴቶች የሚቀሩት ሕክምና ጠልተው አይደለም፤ ልጁን፣ ከብቱን ማን ያይላቸዋል? የአንዷ ባል ሊጠይቃት መጥቶ "ማሽላው ሊረግፍ ነው፣ አንቺ እዚህ ቡና ትጠጫለሽ" አላት። "አንተ እጨደዋ!" አለችው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ለእኔ ከአምስት አራት ይገባዋል። የምትሄዱ ካላችሁ ባትሪና ጀሪካን ያዙ። ስኳርም ጨምሩ፣ እዚያ ቶሎ ያልቃል።