የተማሪ የእጅ ሰሌዳ፦ ሰሌዳው፣ ማርከሩና አጠያየቁ

መምህሩ ይጠይቃል፣ አምስት እጅ ይወጣል፣ አንዱ ይመልሳል፣ «ጎበዝ!» ተብሎ ትምህርቱ ይቀጥላል። የቀሩት 30 ተማሪዎች ይግባቸው አይግባቸው የሚታወቀው ፈተና ሲታረም ነው። የእጅ ሰሌዳ ይህን የሚያስቀር ዕቃ ነው። ሁሉም ይጽፋል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያነሣል፣ መምህሩም የክፍሉን መልስ እዚያው ቆሞ ያነባል።

እዚህ የምንገመግመው በጥቅል የሚሸጠውን ነው፦ 35 ኤ4 መጠን ያላቸው ነጭ ሰሌዳዎች (21 በ29.7 ሴንቲሜትር)፣ 35 ማርከር፣ 35 ትንንሽ ማጥፊያ። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለሒሳብ፣ ለቋንቋ ሰዋስውና ለሳይንስ ቃላት ከዚህ የተሻለ የመጠየቂያ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ማርከሩ ደካማ ነው፤ ክፍሉም አሠራሩን እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። ያን ትዕግሥት ያጡ ሰሌዳዎች ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ይጠጣሉ።

በመጀመሪያ ሰሌዳው። በገበያ ላይ ያሉት በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ከተጨመቀ እንጨት ተሠርቶ ሜላሚን የተባለ ጠንካራ የፕላስቲክ ሽፋን የተለበጠው ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ጠርዙ ውኃ ከነካው ግን ያብጣል፣ ላዩም ከተጫረ በኋላ የተጻፈበት ሲጠፋ ጥላው ይቀራል። ላዩ ቀለም የተቀባ ብረት የሆነው ረጅም ዕድሜ አለው፤ ክብደቱና ዴስክ ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማው ድምፅ ግን 35 ተማሪ ባለበት ክፍል ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛው ላሚኔት የተደረገ፣ ማለትም በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ ወፍራም ካርቶን ነው። ይተጣጠፋል፣ ድምፅ የለውም፣ ለመሸከም ይቀላል፤ ጥጉ ከተላጠ ግን እርጥበት እየገባ ይበላሻል። ለአብዛኛው ክፍል ካርቶኑን እንመርጣለን፤ ጥጎቹ ክብ ሆነው የተቆረጡ መሆናቸውን አይቶ መግዛት ነው። አንዱ ገጽ ባዶ፣ ሌላው ገጽ ካሬ መስመር ያለው ከተገኘ ለግራፍና ለአምድ ስሌት ያገለግላል።

ጥቅል መግዣ ለሌለው መምህር፣ ነጭ ካርቶን የገባበት ግልጽ የፕላስቲክ ወረቀት ማቀፊያ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የሚያንሰው በሁለት ነገር ነው፦ ለስላሳ ስለሆነ ሥሩ ደብተር ካልተደረገ አያጽፍም፣ ፕላስቲኩም መብራት ያንጸባርቃል። አንድ ብልጫ ግን አለው፤ ውስጡ የሚገባውን ወረቀት መቀየር ይቻላል። የቁጥር መስመር፣ ባዶ ካርታ፣ ያልተሞላ ሠንጠረዥ አስገብቶ በላዩ ላይ ማጻፍ ለጂኦግራፊና ለሒሳብ በጣም ይመቻል።

አሁን ወደ ማርከሩ። ጥቅሉ በሚያሳፍር ሁኔታ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። አብረው የሚመጡት ማርከሮች ትንንሽና ቀጫጭን ናቸው። ከኋላ ረድፍ የተነሣ ሰሌዳ ላይ የእነሱ ጽሑፍ እንደ ጸጉር ይታያል። ጫፋቸውም ልጆች ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይገባል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክብ ጫፍ ማርከር ለብቻ ቢገዛ ይሻላል። ቀለሙ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ብቻ ይሁን፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ፈዛዛ አረንጓዴ ከሩቅ አይነበቡም። ለየአምስቱ ተማሪ አንድ መለዋወጫ ማርከር መያዝም ግድ ነው፣ ምክንያቱም «መምህር፣ ማርከሬ ደረቀ» የሚለው አቤቱታ በጥያቄ መሀል ሦስት ጊዜ ከተነሣ የክፍሉ ትኩረት ሄዷል ማለት ነው።

የማርከር ቀለም የሚሟሟው በሚተን ፈሳሽ ነው፤ ክዳኑ ከተረሳ ፈሳሹ ይተናል፣ ማርከሩም ይሞታል። ስለዚህ ክዳኑ ሲገባ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ልጆች እንዲያዳምጡ ማስለመድ ያስፈልጋል። ክዳኑን ማርከሩ ጀርባ ላይ ሰክቶ መጻፍም ይለመድ፣ አለዚያ መሬት ላይ ይቀራል። ሲቀመጥ አግድም ይተኛ፤ ጫፉ ወደ ላይ ቆሞ ከዋለ ቀለሙ ወደ ታች ይወርድና ጫፉ ይደርቃል።

ማጥፊያው ብዙ አያነጋግርም። የቁራጭ ጨርቅ ወይም የአሮጌ ካልሲ ያህል አይሠራም። በመዳፍ ማጥፋት ግን ይከልከል፤ የእጅ ቅባት ሰሌዳው ላይ ስለሚቀር በሚቀጥለው ጊዜ ቀለሙ እየዘለለ ይጽፋል። በሳምንት አንድ ጊዜ አልኮል በነካ ጨርቅ መወልወል በቂ ነው። የሚፈገፍግ ዱቄት ሳሙና ከነካው ላዩ ይጫራል፣ ከዚያ በኋላ ጥላ መያዙ አይቀርም። አንድ ልጅ በስሕተት በማይጠፋ ማርከር ከጻፈ መደናገጥ አያስፈልግም። በዚያው ጽሑፍ ላይ በሚጠፋ ማርከር ደግሞ ጽፎ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ የአዲሱ ቀለም ፈሳሽ የታችኛውን አሟሙቶ ያነሣዋል።

ዕቃው ይህን ያህል ነው። የቀረው ክፍል አያያዝ ነው፤ ጥቅሉ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ስለዚህ አንድም ቃል ስለማይናገር ሰፋ አድርገን እንጽፈዋለን።

እደላው ከ60 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። 35ቱን ሰሌዳ በአንድ ካርቶን አድርጎ በየዴስኩ መዞር አምስት ደቂቃ ይበላል። ይልቅ ለየረድፉ አንድ ቦርሳ ይዘጋጅ፦ አምስት ሰሌዳ፣ ስድስት ማርከር፣ አምስት ጨርቅ። ከየረድፉ አንድ ኃላፊ ቦርሳውን ያነሣል፣ ያድላል፣ ሲያበቃ ቆጥሮ ይመልሳል። ለጥያቄ እስኪፈለግ ድረስ ሰሌዳው ደብተር ሥር ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት ከተተወ መሣል ይጀመራል። በመጀመሪያው ቀን ግን ሁለት ደቂቃ እንደፈለጉ እንዲሥሉ መፍቀድ ብልህነት ነው፤ ጉጉታቸው ይወጣላቸዋል።

የጥያቄው ሂደት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ጥያቄው ይነበባል፤ ማርከር ሳይነሣ ዝም ብሎ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ሜሪ በድ ሮው የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1974 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ መምህራን ከጥያቄ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር የሚጠብቁት፤ ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎች መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። የእጅ ሰሌዳ ይህን ጥበቃ በግድ ያመጣዋል። ከዚያ «ጻፉ» ይባላል፤ ለአጭር መልስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። የጨረሰ ሰሌዳውን በፊቱ ደፍቶ ይጠብቃል። «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ አሳዩ!» ሲባል ሁሉም በአገጩ ትክክል በሁለት እጁ ይይዛል። መምህሩ ከኋላ ረድፍ ጀምሮ ያነባል፤ ሁሉንም አይቶ ሳይጨርስ «አውርዱ» አይልም። ማጥፋትም በትእዛዝ ነው፣ ምክንያቱም የተሳሳተ ልጅ ጎረቤቱን እንዳየ ቶሎ ብሎ ያጠፋል።

ከዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ደፍቶ መጠበቅ ነው። ፈጣኑ ልጅ ቀድሞ ካነሣ፣ በዙሪያው ያሉት አምስት ልጆች መልስ የእሱ መልስ ይሆናል፤ መምህሩ የሚያነበው አንድ አእምሮ ስድስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ አንድ ሰሌዳ እንኳ ቀድሞ ከተነሣ ሁሉም ደፍተው ቆጠራው ከመጀመሪያው ይጀመር። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ይህ አያስፈልግም።

ምርጫ ያለው ጥያቄ ከሆነ መልሱ በ«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ፈንታ በ1፣ 2፣ 3፣ 4 ይሁን። «ለ» እና «ሐ» የሚለዩት በአንድ እግር ነው፤ ከስምንት ሜትር ርቀት፣ በቸኮለ እጅ ተጽፎ፣ ሦስተኛው እግር ይኑር አይኑር ማየት ዓይን ያደክማል። ጽሑፉም ቢያንስ የአራት ጣት ስፋት ያህል ቁመት ይኑረው።

ጥያቄው እንዴት እንደተሰናዳ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይወስናል። «ገባችሁ?» ብሎ ሰሌዳ ላይ «አዎ» ማስጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ጥሩ ጥያቄ የተሳሳተው ልጅ ምን ብሎ እንደተሳሳተ ይናገራል። «0.4፣ 0.35 እና 0.475ን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ» የሚለውን እንውሰድ። ትክክለኛው 0.475፣ 0.4፣ 0.35 ነው። 0.475፣ 0.35፣ 0.4 ብሎ የጻፈው ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር እያነበበ ነው፤ 475 ከ35፣ 35 ከ4 ይበልጣል ብሎ ነው። 0.4፣ 0.35፣ 0.475 ያለው ደግሞ አሥረኛ ከመቶኛ፣ መቶኛ ከሺኛ እንደሚበልጥ ሰምቶ፣ አኃዝ በበዛ ቁጥር ዋጋው ያንሳል ብሎ ደምድሟል። ሁለቱ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ማብራሪያ አንድ አይደለም። ቁጥሮቹም እንዲሁ የተመረጡ አይደሉም። በ0.475 ፈንታ 0.125 ቢሆን ኖሮ ትክክለኛው ድርድር 0.4፣ 0.35፣ 0.125 ይሆን ነበር፤ ሁለተኛው ልጅም በተሳሳተ ሐሳቡ ትክክለኛ መልስ ጽፎ ያልፍ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ክፍል ውስጥ ቆሞ አይፈጠርም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት አስቀድሞ በትምህርት ዕቅዱ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የማስተማሪያው ጊዜ ይጠባል።

መልሱ ከታየ በኋላ ምን ይደረግ? እኛ የምንመክረው መለኪያ ይህ ነው። ከ35 ተማሪ 28 እና ከዚያ በላይ ካገኙት ወደፊት መሄድ ይቻላል፤ የሳቱትን ልጆች ለየብቻ ማገዝ ነው። ግማሽ ያህሉ ካገኙት መልሱን ሳይናገሩ «መልሱ ከእናንተ የተለየ ጓደኛ ፈልጉና አሳምኑት» ብሎ ሁለት ደቂቃ መስጠት፣ ከዚያ እንደገና ማጻፍ። ከሩብ በታች ካገኙት ግን ልጆችን ማወያየት ስሕተትን ማባዛት ስለሆነ በሌላ መንገድ እንደገና ማስተማር ነው። በዚህ መሀል የመምህሩ ፊት መልሱን እንዳይናገር ይጠንቀቅ። አንዱን ሰሌዳ አይቶ ፈገግ ካለ ሌሎቹ ወዲያው ወደዚያ ዞረው ያያሉ።

ባዶ ሰሌዳ የሚያነሡ ልጆች አሉ። «ለምን አልጻፍክም?» ተብሎ በሁሉም ፊት የተጠየቀ ልጅ ከዚያ በኋላ የጎረቤቱን መገልበጥ ይጀምራል። ይልቅ «ያልገባው ? ይጻፍ» የሚል ደንብ ከመጀመሪያው ይነገር፤ የጥያቄ ምልክትም እንደ መልስ ይቆጠር። በስሕተት የሚሣቅበት ክፍል ውስጥ ይህ ዕቃ ጉዳት አለው፤ የልጁን ስሕተት ለ35 ሰው ያሳያልና። ስለዚህ የተሳሳተ መልስ ሲወሳ ያለ ስም ይሁን፦ «ብዙ ሰሌዳ ላይ 0.35 ሁለተኛ ሆኖ አየሁ፣ ይህን የጻፈ ሰው ምን አስቦ ይሆን?»

ሌላው ጉድለት ምንም አለመቅረቱ ነው። ከጠፋ ጠፋ ነው፤ ተማሪው ቤቱ ሄዶ የሚያጠናው የለውም። ከየጥያቄው በኋላ የታረመው መልስ ደብተር ላይ ይገልበጥ። ለድርሰት፣ ለረጅም ማብራሪያና ለላቦራቶሪ ዘገባም አይሆንም፤ ሰሌዳው የሚይዘው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከ60 ተማሪ በላይ ባለበት ክፍል አንድ ሰሌዳ ለሁለት ማድረግና ጸሐፊውን በየጥያቄው ማፈራረቅ ይቻላል፤ ያኔ ግን የሚነበበው የሁለት ልጅ ስምምነት መሆኑ አይረሳ።

የየተማሪውን መልስ መዝገብ የሚፈልግ መምህር ፕሊከርስ የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ሊያይ ይችላል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ቁጥርና ቅርጽ ያለው የታተመ ካርድ ይይዛል፤ የመረጠው ፊደል ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ ያነሣል፤ መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ይቃኛል፣ መልሱም በየስሙ ይመዘገባል። ተማሪ ስልክ አያስፈልገውም፤ የካርዶቹ ቅርጽ ስለሚለያይም መኮረጅ ይከብዳል። ካርዱ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ላሚኔት ከተደረገ ግን ብርሃን አንጸባርቆ ካሜራው አያነበውም፤ ጣት ጥቁሩን ቅርጽ ከሸፈነም እንዲሁ። ከአራት ምርጫ በላይ አይሰጥም፣ የስሌቱን ሂደት ፈጽሞ አያሳይም፣ ጥያቄውም አስቀድሞ መግባት አለበት። ከላይ ያለው የአስርዮሽ ድርድር እዚያ ላይ ሊጠየቅ ይችላል፤ መምህሩ ያላሰበውን ሌላ ዓይነት ስሕተት ግን የሚያሳየው ነጩ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ለመግዛት ለወሰነ፦ ሙሉውን ጥቅል ከማዘዝ በፊት አንድ ሰሌዳ ለናሙና ይወሰድ። ይጻፍበት፣ ለ24 ሰዓት ይተው፣ በደረቅ ጨርቅ ይጥፋ። ጥላው ከቀረ ያን ዓይነት አይግዙ። ከዚያ ሻጩ ሰሌዳውን ያለ ማርከር እንደሚሸጥ ይጠየቅ፤ በሚቀረው ገንዘብ 42 መካከለኛ ጫፍ ጥቁር ማርከር ይገዛበት፦ 35 ለተማሪ፣ 7 ለመለዋወጫ።